ወደ ደጋ ለሚሄድ የሄሊኮፕተር በረራ የስጋት ግምገማ ወረቀት እንዴት ይሞላል?

ከአዳዲስ አብራሪዎችና ከበረራ ኦፕሬሽን ሠራተኞች ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ፦ «ወረቀቱን አንድም ቦታ ሳልዘል ሞላሁት፤ አዛዡ ለምን መለሰው?» አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የቅጹ አይደለም። የተጻፈው ነገር ለየትኛውም ቀን፣ ለየትኛውም በረራ የሚሆን ስለሆነ ነው። «የአየር ጠባይ፦ ጥንቃቄ ይደረጋል» የሚል መስመር ለሚፈርመው ሰው ምንም አይነግረውም።

እዚህ የተቀመጠው አካሄድ የአሜሪካ ጦር የሚጠቀምበትን ባለ አምስት ደረጃ ዘዴ ይከተላል፦ አደጋ አምጪውን መለየት፣ መመዘን፣ መቆጣጠሪያ አውጥቶ መወሰን፣ ሥራ ላይ ማዋል፣ መከታተልና መገምገም። ቅጹ በዚያ ጦር ዲዲ ፎርም 2977 ይባላል። የእርስዎ ክፍል ሌላ ቅጽ ቢጠቀምም ዋና ዋና አምዶቹ ይመሳሰላሉ። ከዚህ በታች እስከ መጨረሻው አንድ ምሳሌ ይዘን እንሄዳለን፦ ከቢሾፍቱ ተነስቶ ስድስት ሰውና 1,000 ኪሎ ዕቃ ይዞ በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ 9,000 ጫማ ላይ ባለ ሜዳ የሚያርፍ የመካከለኛ ሄሊኮፕተር የልምምድ በረራ። ወሩ መጋቢት፣ ሰዓቱ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ የሜዳው ሙቀት 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው እንበል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ባዶ ቅጽ፣ እርሳስና ላጲስ። የመጀመሪያው ረቂቅ በእስክሪብቶ አይጻፍም፤ ሲሰረዝና ሲደለዝ ነው የሚጠራው።
- የዕለቱ ሜታር (የአየር ጠባይ ዘገባ)፣ ታፍ (የአየር ጠባይ ትንበያ) እና ኖታም (ለአብራሪዎች የሚወጣ ማስታወቂያ)። ማረፊያው ሜዳ የራሱ የአየር ጠባይ ጣቢያ አይኖረውም፤ ስለዚህ እዚያ ያለ፣ ስልክ የሚያነሳ ሰው ያስፈልጋል።
- የሄሊኮፕተሩ የበረራ መመሪያ መጽሐፍ ከነአቅም ሰንጠረዦቹ።
- የዚያው ሄሊኮፕተር የብልሽት መዝገብና የመጨረሻው የሞተር ኃይል ፍተሻ ውጤት።
- የክብደትና ሚዛን ቅጽ፣ ከእውነተኛ ሚዛን ጋር።
- የሠራተኞቹ የበረራ፣ የልምምድና የእረፍት መዝገብ።
- 1፡50,000 ካርታ፣ የኤሌክትሪክ መስመርና ምሰሶ የተመለከተበት።
- ካልኩሌተር።

ሥራውን ከዋዜማው ይጀምሩት። በረራው ሊነሳ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው የተሞላ ወረቀት ተልዕኮውን ሊለውጠው አይችልም፤ ቢበዛ ፊርማ ቢያገኝ ነው።

ደረጃ 1፦ ተልዕኮውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፉ

ማን፣ ምን ይዞ፣ ከየት ወዴት፣ በስንት ሰዓት፣ ደግሞም ምን እንደማይደረግ። ለምሳሌ፦ «ሦስት የበረራ ሠራተኛ፣ ስድስት ተሳፋሪና 1,000 ኪሎ ዕቃ በቀን ብርሃን ወደ ሜዳው አድርሶ ሞተር ሳያጠፋ ይመለሳል፤ የውጭ ጭነት የለም፤ የሌሊት በረራ የለም።» የመጨረሻው ክፍል ትርፍ ነገር አይደለም። ሜዳው ላይ ያለ አንድ ሰው «እግረ መንገዳችሁን ይህንንም አድርሱልን» ሲል ከግምገማው ውጪ የሆነ በረራ መሆኑ ወዲያው የሚታወቀው በዚህ መስመር ነው።

ደረጃ 2፦ ሰዎቹን ያረጋግጡ

እያንዳንዱን ሠራተኛ ስለ ሕመም፣ መድኃኒት፣ ጭንቀት፣ አልኮል፣ ድካምና ምግብ ይጠይቁ። ማነጻጸሪያ ካስፈለገ፣ የአሜሪካ አየር ኃይል ከበረራ ግዳጅ በፊት ቢያንስ 12 ሰዓት የእረፍት ጊዜ እንዲኖርና በውስጡም 8 ሰዓት ሳይቋረጥ ለመተኛት የሚያስችል ዕድል እንዲሰጥ ያዛል። በአሜሪካ ጦር ደንብ ደግሞ ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ 12 ሰዓት ማለፍና ምንም ስካር አለመቅረት ግድ ነው።

ቅጾች የማይጠይቋቸው፣ እኛ አገር ግን መጠየቅ ያለባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ጾም ነው። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልና ውኃ ያልቀመሰ፣ ወይም በረመዳን ከንጋት ጀምሮ የጾመ አብራሪ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ከፍታ ቦታ ሲያርፍ የሰውነቱ ውኃና ስኳር ዝቅተኛው ቦታ ላይ ነው። ጹም ወይም አትጹም ማለት የወረቀቱ ሥራ አይደለም፤ በረራውን ወደ ጠዋት ማምጣት ግን ነው። ሁለተኛው ጫት ነው። ቅሞ ያደረ ሰው «ነቅቻለሁ» ቢል አይዋሽም፤ እንቅልፉን ግን አልተኛም፣ ምርቃናው ሲወርድ ድካሙ አየር ላይ ይጠብቀዋል።

ከዚያ ጥምረቱን ይዩ። በደጋ ማረፍ ላይ ሁለት አዲሶች አብረው አይቀመጡም። አንዱ ለረጅም ጊዜ ተራራ ላይ ካላረፈ ሌላው በቅርቡ የሠራ መሆን አለበት።

ደረጃ 3፦ የሄሊኮፕተሩን አቅም ያስሉ

ብዙ ወረቀት የሚወድቀው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብለን እንሂድ። ሮተሩም (ከላይ የሚሽከረከረው ክንፍ) ሞተሩም የሚሠሩት በአየር ነው። ከፍታና ሙቀት አየሩን ያሳሱታል፤ በሳሳ አየር ሮተሩ የሚያነሳው ክብደት ይቀንሳል፣ ሞተሩ የሚሰጠው ኃይል ይቀንሳል፣ የጭራ ሮተሩም አፍንጫውን ቀጥ አድርጎ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ሦስቱም አንድ ላይ ነው የሚቀንሱት።

ሀ. ፕሬዠር አልቲቲዩድ (በመደበኛ የአየር ግፊት የሚለካውን ከፍታ) ያግኙ። አልቲሜትሩን (የከፍታ መለኪያውን) ወደ 1013 ሄክቶፓስካል ሲያዞሩት የሚያነቡት ቁጥር ነው። በምሳሌያችን 9,000 ጫማ እንበል።

ማስጠንቀቂያ፦ ካነበቡ በኋላ አልቲሜትሩን ወደ ዕለቱ ኪው ኤን ኤች (ወደ ባሕር ጠለል የተሰላ የአካባቢው የአየር ግፊት) ይመልሱ። በ1013 የተረሳ አልቲሜትር በመቶዎች በሚቆጠር ጫማ ሊዋሽ ይችላል፤ ጉም ባለበት ተራራ አጠገብ ይህ ውሸት ሰው ይገድላል።

ለ. የዚያን ከፍታ መደበኛ ሙቀት ያስሉ። ከ15 ዲግሪ ይነሱና ለእያንዳንዱ 1,000 ጫማ 2 ዲግሪ ይቀንሱ፦ 15 ሲቀነስ 18፣ ከዜሮ በታች 3 ዲግሪ።

ሐ. ልዩነቱን በ120 ያባዙ። 22 ዲግሪ ከመደበኛው በ25 ይበልጣል፤ 25 ሲባዛ በ120፣ 3,000 ጫማ። ስለዚህ ዴንሲቲ አልቲቲዩዱ (የአየሩን መሳሳት የሚያሳየው ከፍታ) 12,000 ጫማ ነው። ሄሊኮፕተሩ የቆመው 9,000 ላይ ቢሆንም የሚሠራው 12,000 ጫማ ላይ እንዳለ ሆኖ ነው።

አሁን ያንኑ በረራ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ሙቀቱ 8 ዲግሪ ሳለ ያስሉት፦ ልዩነቱ 11፣ ሲባዛ 1,320፣ ዴንሲቲ አልቲቲዩዱ 10,320 ጫማ። ሰዓት በመቀየር ብቻ 1,680 ጫማ ተገኘ። አንድም ዕቃ አልወረደም።

መ. ከሰንጠረዡ የሚፈቀደውን ክብደት ያንብቡ። ከመሬት ጫና ውጪ (ሮተሩ ወደ ታች የገፋው አየር ከመሬት ተመልሶ በማይደግፍበት ከፍታ) ሆቨር ለማድረግ፣ ማለትም አየር ላይ ባሉበት ለመቆም፣ የተሰጠውን ሰንጠረዥ ይጠቀሙ። የመሬት ጫና የሚረዳው እስከ አንድ የሮተር ስፋት ከፍታ ድረስ፣ ያውም ሜዳው ደልዳላና ጠንካራ ሲሆን ነው። ረጅም ሣር፣ ተዳፋት ወይም ገደል አፍ ይበሉታል። አቧራ ተነስቶ አቋርጠው መውጣት ሲኖርብዎ ደግሞ ያ እርዳታ ወዲያው ከሥርዎ ይጠፋል። ብዙ የበረራ መመሪያዎች ፕሬዠር አልቲቲዩድንና ሙቀትን ለየብቻ ይቀበላሉ፤ እንዲህ ባለ ሰንጠረዥ ላይ ዴንሲቲ አልቲቲዩድን ካስገቡ ሙቀቱን ሁለት ጊዜ ቆጠሩት ማለት ነው። ሰንጠረዡ በሜትር ከሆነ 1,000 ጫማ 305 ሜትር ነው።

ሠ. ክብደቱን ይደምሩ። የሚከተሉት ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት ብቻ የተቀመጡ ናቸው፤ የእርስዎን ከራስዎ መጽሐፍ ይውሰዱ። ባዶ ክብደት 7,400፣ ሦስት ሠራተኛ 285፣ ስድስት ተሳፋሪ 600፣ ዕቃ 1,000፣ ሲደርስ የሚቀረው ነዳጅ 1,150፤ ድምር 10,435 ኪሎ። ሰንጠረዡ 10,600 ፈቀደ እንበል። «165 ኪሎ ተርፎናል» ብሎ መነሳት ቀላል ነው። ግን ሰንጠረዡ የተሠራው ጤናማ ሞተርን፣ ንጹሕ የሮተር ምላጭንና ትክክለኛ ሚዛንን ታሳቢ አድርጎ ነው። ክፍልዎ 5 በመቶ መጠባበቂያ ቢጠይቅ ጣሪያው 10,070 ይሆናል፤ ከጣሪያው በላይ የሆነው 365 ኪሎ ነው። ምርጫው ሦስት ነው፦ ያን ያህል ዕቃ ማስቀረት፣ በሁለት ምልልስ ማድረስ፣ ወይም ጠዋት ሄዶ እንደገና ማስላት። የሚመረጠው እዚህ፣ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ተሳፋሪን «ስንት ኪሎ ነህ?» ብሎ መጠየቅ ሚዛን አይደለም። ከጫማው፣ ከጃኬቱ፣ ከመሣሪያውና ከያዘው ቦርሳ ጋር ሚዛን ላይ ይቁም። ለአንድ ሰው 20 ኪሎ ቢሳሳቱ ለስድስት 120 ይሆናል። የመነሻውን ክብደትም ለየብቻው ያስሉ፤ ቢሾፍቱ ራሷ ቆላ አይደለችም፣ ታንኩም በዚያን ጊዜ ሙሉ ነው።

ኦክስጅንን እዚሁ ይጨርሱ። በአሜሪካ ጦር ደንብ ከ10,000 ጫማ በላይ ከ1 ሰዓት በላይ፣ ከ12,000 በላይ ከ30 ደቂቃ በላይ የሚበሩ ሠራተኞች ኦክስጅን መጠቀም አለባቸው፤ ከ14,000 በላይ ደግሞ ተሳፋሪም ጭምር፣ ለማንኛውም ጊዜ። ሸንተረር ለመሻገር የሚወጡበትን ከፍታና ደቂቃ ይጻፉ።

ደረጃ 4፦ አደጋ አምጪዎቹን በስማቸው ይጥሩ

እያንዳንዱ መስመር ምን፣ የት፣ ምን ያስከትላል የሚሉትን ይያዝ። «አቧራ» አይበቃም። «በሜዳው ደቡብ ጫፍ የታረሰ ደረቅ መሬት፤ ከመሬት ጥቂት ሜትር ላይ እይታ ይጠፋል፤ ሄሊኮፕተሩ ወደ ጎን ተንሸራቶ ሊገለበጥ ይችላል» ይበቃል። እንደ ምሳሌያችን ላለ በረራ ቢያንስ እነዚህን ይፈትሹ፦

- የኃይል መጠባበቂያ ማነስ።
- አቧራ። በሚያዝያ 1980 እ.ኤ.አ. በኢራን በረሃ አንድ የአሜሪካ ሄሊኮፕተር በራሱ አቧራ ውስጥ ከቆመ ሲ-130 የጭነት አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ስምንት ሰው ሞቷል።
- ሽቦ። በተለይ ከሸለቆ ማዶ ለማዶ የተዘረጋ፣ ካርታ ላይ የሌለ።
- አሞራና እርግብ። ቄራ፣ ቆሻሻ መጣያና የእህል አውድማ አጠገብ ይበዛሉ። በ1988 እ.ኤ.አ. ከባሕር ዳር የተነሳ ቦይንግ 737 በሁለቱም ሞተሩ እርግብ ውጦ በደረቱ መሬት ላይ ሲያርፍ 35 ሰው ሞቷል።
- ከሰዓት በኋላ የሚገነባ ደመናና ነጎድጓድ።
- ሰው፣ ከብት፣ የሚበር ቆርቆሮና ላስቲክ። ሄሊኮፕተር ሲመጣ ሕፃን ሁሉ ይሮጣል፤ የጋቢ ጫፍ ወደ ሮተር ሊሳብ ይችላል።

ደረጃ 5፦ ይመዝኑ

ሁለት ጥያቄ ነው፦ ቢደርስ ጉዳቱ ምን ያህል ነው? የመድረስ ዕድሉስ? ጉዳቱ አራት ደረጃ አለው፦ እልቂት፣ ከባድ፣ መካከለኛ፣ ቀላል። ዕድሉ አምስት፦ በጣም ተደጋጋሚ፣ ሊሆን የሚችል፣ አልፎ አልፎ፣ እምብዛም፣ የማይመስል። የአሜሪካ ጦር ሰንጠረዥ በዚሁ ቅደም ተከተል ሲነበብ እንዲህ ነው፦

- እልቂት፦ እጅግ ከፍተኛ፣ እጅግ ከፍተኛ፣ ከፍተኛ፣ ከፍተኛ፣ መካከለኛ
- ከባድ፦ እጅግ ከፍተኛ፣ ከፍተኛ፣ ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ
- መካከለኛ፦ ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ፣ ዝቅተኛ
- ቀላል፦ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ፣ ዝቅተኛ፣ ዝቅተኛ፣ ዝቅተኛ

የአቧራው መስመር፦ ቢደርስ እልቂት፣ ዕድሉ አልፎ አልፎ፤ ውጤቱ «ከፍተኛ»። ይህ የሚመዘነው መቆጣጠሪያ ሳይታሰብ ነው። «እኛማ እንጠነቀቃለን» ብሎ ከወዲሁ ዝቅ ማድረግ ሰንጠረዡን ከጥቅም ውጪ ያደርገዋል።

ደረጃ 6፦ መቆጣጠሪያውን ይጻፉ

አንድ መቆጣጠሪያ አራት ነገር ይመልስ፦ ምን ይደረጋል? ማን ያደርገዋል? መቼ? መደረጉ በምን ይታወቃል? ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ምኞት ነው።

ለአቧራው፦ «ማረፊያው ወደ ሰሜን ጫፍ፣ ወደ ሣሩ ይዛወራል፤ የምድር ቡድኑ መሪ ከበረራው በፊት ፎቶ ይልካል። አቀራረቡ ያለ ሆቨር በቀጥታ መሬት ላይ ያርፋል። የበረራ ቴክኒሺያኑ በር ላይ ሆኖ አቧራው ጭራ ላይ፣ በር ላይ፣ አፍንጫ ላይ ሲደርስ ይጠራል። መሬት ከመነካቱ በፊት አብራሪው መሬቱን ካጣ ይወጣል፤ ሁለተኛ ሙከራ አንድ ብቻ ነው።»

ለሽቦው፦ መጀመሪያ ከፍ ብሎ፣ ቀጥሎ ዝቅ ብሎ ሜዳውን መዞር። ሽቦ አይታይም፤ ምሰሶ ይታያል። ሁለት ምሰሶ ካዩ በመካከላቸው ሽቦ አለ ብለው ይያዙ። የሚሻገሩት በምሰሶው አናት ላይ ነው፣ በመሐል አይደለም።

ለአወራረዱ፦ ነፋስ ሳይኖር ቀጥ ብሎ መውረድ ሄሊኮፕተሩን በራሱ ሮተር በተገፋ አየር ውስጥ ያሰምጠዋል። በዝቅተኛ ፍጥነት የመውረጃው መጠን በደቂቃ ከ300 ጫማ በታች ይሁን። ረዳት አብራሪው ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነባል።

ለሰዎቹ፦ የምድር ቡድኑ ሕዝቡን 60 ሜትር ያርቅ፤ ቆርቆሮና ላስቲክ ይልቀም ወይም ድንጋይ ይጫንበት። ተሳፋሪ የሚጠጋውም የሚርቀውም አብራሪው በሚያየው በፊት በኩል፣ ምልክት ሲሰጠው ብቻ ነው። ተዳፋት ላይ ወደ ላይኛው ጎን አይወጣም፤ ምላጩ በዚያ በኩል ለመሬት ይቀርባል። ወደ ጭራ ማንም አይሄድም።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ መቆጣጠሪያ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሉን እንጂ ጉዳቱን አይቀንስም። ሽቦ መምታት ከገለጻ በኋላም እልቂት ነው። በወረቀትዎ ላይ «እልቂት» የነበረው ሁሉ «ቀላል» ከሆነ ፈራሚው እዚያው ላይ ያቆማል፤ ትክክልም ነው።

ደረጃ 7፦ ቀሪውን ስጋት ይመዝኑና ያስፈርሙ

መስመሮቹን እንደገና ይመዝኑ። የበረራው ጠቅላላ ደረጃ ቢያንስ ከሁሉም የሚከብደው መስመር ደረጃ ነው፤ አማካይ አይወሰድም። ዘጠኝ «ዝቅተኛ» አንድን «ከፍተኛ» አያሟሟውም። በአሜሪካ ጦር አሠራር ፈቃዱ ሦስት እርከን አለው፦ የተልዕኮው የመጀመሪያ ፈቃድ፣ የበረራ ዕቅድና ገለጻ፣ የመጨረሻ ፈቃድ። ደረጃው ከፍ ሲል ፈራሚውም ከፍ ይላል፤ «እጅግ ከፍተኛ» ጄኔራል ጋ ይደርሳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ተልዕኮውን የመሰረዝ፣ የማዘግየት ወይም ተጨማሪ ሄሊኮፕተር የመመደብ ሥልጣን ያለው ሰው ነው ስጋቱን መቀበል ያለበት።

ደረጃ 8፦ የማቋረጫ ቁጥሮችን አስቀድመው ይወስኑ

አየር ላይ ሆኖ «ትንሽ እንሞክር» የማይባልባቸውን ቁጥሮች በወረቀቱ ግርጌ ይጻፉ፦ የመመለሻ ነዳጅ፣ ዝቅተኛ የደመና ከፍታ፣ ዝቅተኛ የእይታ ርቀት፣ ስሌቱ የሚበላሽበት ሙቀት፣ ሜዳውን ለቆ መውጣት ግድ የሚሆንበት ሰዓት። የሙቀቱ ቁጥር ብዙ ጊዜ ይረሳል። ለ22 ዲግሪ የተሰላ ክብደት 27 ዲግሪ ላይ አይሠራም፤ ልዩነቱ ሌላ 600 ጫማ ነው።

ደረጃ 9፦ ገለጻ ይስጡ

አሥር ደቂቃ ይበቃል። ወረቀቱን አያንብቡላቸው፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን መቆጣጠሪያ በራሱ አፍ ይድገም። ለማቋረጥ አንድ ቃል ይስማሙ፣ ለምሳሌ «ውጣ!»፤ ማዕረግ የለውም፣ ማንም ይለዋል፣ ከተባለ አብራሪው መጀመሪያ ይወጣል፣ ምክንያቱን በኋላ ይጠይቃል። «ሻለቃ፣ ይቅርታ፣ እንደው ትንሽ አቧራ…» ተብሎ እስኪጨረስ አቧራው በሩን አልፏል።

ደረጃ 10፦ ሲነሱና ሲመለሱ

ሲነሱ ሆቨር ላይ የሚታየውን ኃይል ካሰሉት ጋር ያነጻጽሩ። ከተጠበቀው በላይ ከወሰደ ክብደቱ ወይም ሞተሩ እንዳሰቡት አይደለም፤ ደጋው ላይ ከመታወቁ እዚህ መታወቁ ይሻላል፤ ይረፉና ይፈትሹ። ሲመለሱ በዚያው ወረቀት ላይ፣ በዚያው ቀን፣ የትኛው መቆጣጠሪያ እንዳልሠራ ይጻፉ። አቧራ ውስጥ ካረፉ ለጥገና ክፍል ያሳውቁ፤ የሞተሩ አየር መግቢያና ምላጮቹ መታየት አለባቸው።

ወረቀት የሚያስመልሱ የተለመዱ ስሕተቶች

- የትናንቱን ወረቀት ቀን ቀይሮ ማቅረብ። የሚያጋልጠው ሙቀቱ ነው፦ ሜታሩ 24 ይላል፣ ወረቀቱ 19።
- ከሚፈለገው ፊርማ ተነስቶ ወደ ኋላ መሙላት። ሻለቃው ብቻ እንዲፈርም ተብሎ «ከፍተኛ» የነበረው «መካከለኛ» ሲሆን መቆጣጠሪያው አምድ ላይ አዲስ ነገር አይኖርም።
- የመነሻውን አየር ጠባይ ለማረፊያው መጠቀም።
- የመልስ ጉዞውን መርሳት። ሜዳው ላይ ተጨማሪ ሰው ከተጫነ አዲስ ክብደት፣ አዲስ ስሌት ነው።
- ለሁሉም መቆጣጠሪያ «አብራሪው» ብሎ መጻፍ። ዘጠኝ ሥራ የተሰጠው ሰው በማረፊያው የመጨረሻ 30 ሰከንድ አንዱንም አይሠራም፤ ለቴክኒሺያኑ፣ ለረዳት አብራሪውና ለምድር ቡድኑ ያከፋፍሉ።
- የብልሽት መዝገቡን አለማየት። በይደር የተያዘ ብልሽት ብቻውን ቀላል ሊሆን ይችላል፤ የማይሠራ ሬዲዮ አልቲሜትር (ከመሬት ያለውን ከፍታ በሬዲዮ ሞገድ የሚለካ) ግን ከአቧራ ጋር ሲገናኝ የአቧራውን መስመር አንድ ደረጃ ከፍ ያደርገዋል።